ውስጠኛውን ጎማ ማን ያየዋል?

ሰኞ፣ 40 ቀን ይቀራል

ጥሪው መጣ! የጡረተኞች ኳየራችን በወደቡ ከተማ በሚደረገው የኳየሮች ጉባኤ ላይ እንዲዘፍን ተጋብዟል። ሠላሳ ስድስት ሰው፣ የሰባት ሰዓት መንገድ፣ መጨረሻው ላይ ያ ቁልቁለት።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሊቀመንበራችን ከፋይላቸው አንድ ወረቀት መዘው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። የመጓጓዣ ፎርም። «የባለቤቴ ወንድም አውቶቡስ አለው፣ ነገሩ ያለቀ ነው። ወይዘሮ ጸሐፊ፣ እዚች ጋ ‹ታይቷል› ብለው ይፈርሙልኝ።»

ስንት ጊዜ ጽፌያታለሁ ይቺን ቃል! መዝገብ ቤት በሠራሁባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት በቀን መቶ ጊዜ። ደብዳቤ ገባ፣ ታይቷል። ማመልከቻ ገባ፣ ታይቷል። እኔ ስለ ራት እያሰብኩ እጄ ብቻውን ይጽፋታል። ዛሬ ግን አልሄድ አለኝ።

«ምኑን አይቼ?» አልኩ።

«አውቶቡሱን ነዋ!»

«የታለ?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ሳላይ አልፈርምም። አውቶቡሱንም የምመርጠው እኔ ነኝ» አልኩ፣ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው «እሺ ይምረጡ» አሉ፤ ትርጉሙ «እናያለን» ነው።

ይኼኔ ዋሽንት ከፊት ወንበር ዞር አለች። ዋሽንት የምንላት በድምጿ ነው፤ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ናት። ከአደጋው ቀን ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ታክሲ ስትገባ እንኳ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አውቶቡስማ ጨርሶ። ሶሎው ደግሞ የእሷ ነው። ያለ እሷ ብንሄድ ምን ልንዘፍን?

«አንቺ ካየሽው እሳፈራለሁ» አለችኝ በሰው ፊት።

ምናለ ዝም ብትል ኖሮ!


ረቡዕ፣ 38 ቀን

ስልክ ስደውል ዋልኩ። አንደኛው ድርጅት፦ «አይዞዎት እናቴ፣ ከእኛ ጋር ምንም ሐሳብ አይግባዎት።» ሹፌሩ በቀን ስንት ሰዓት ይነዳል ስለው «እስኪደርስ!» አለኝ። ዘጋሁበት።

ሁለተኛው፦ የአውቶቡሶቹ የምርመራ ወረቀት የታደሰው መቼ ነው? «ይፈለጋል።» የጠፋ ዶሮ ነው እንዴ የሚፈለገው?

ሦስተኛው፣ የጎማዎቹን ዕድሜ ስጠይቀው፦ «ማዘር፣ የሚከራዩት አውቶቡስ ነው ጎማ?» ከጓደኞቹ ጋር ሲሳሳቅ ይሰማኛል። ይሳቅ።


ሐሙስ፣ 37 ቀን

ወይዘሮ ጎማ ተብያለሁ። ልምምድ ልታደርሰኝ የመጣችው ልጄ ናት የስልኩን ነገር ያወራችላቸው፤ ወፍራም ድምጾቹ፣ ከኋላ የሚቆሙት ወንዶች፣ ሁሉ ሰሙ። እቤት ስንገባ ደግሞ «እማዬ፣ አውቶቡስ ነው የምትመርጪው ወይስ አማች?» አለችኝ።

«አማችማ ቢሆን መች እንዲህ ለፋሁ! ያመጣሽውን አልነበር የተቀበልኩት?»

አኮረፈች። ይበላት።


እሑድ፣ 34 ቀን

ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ በሰፊው ልጻፍ።

ከዋሽንት ቤት መመለሴ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ናት፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ከረመ። እሑድ እሑድ ሄጄ ገበያዋን አወጣላታለሁ፣ መስኮቷን እወለውልላታለሁ፣ ከዚያ ደግፌያት ታች ወርደን ፀሐይ እንሞቃለን። በሦስት ዓመት አንድም እሑድ አልቀረሁም። የቀረሁበት ካለ ይነገረኝ!

ዛሬ ጎረቤቷ ደረጃው ላይ አየችንና «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው፣ ለእኔም ይስጠኝ» አለች። ዋሽንት ፈገግ አለች። እኔ ቁልፍ ጠፋብኝ ብዬ ቦርሳዬን መፈተሽ ጀመርኩ፤ ቁልፉ በእጄ ነበር።

ሻዩን ስንጠጣ፣ ምኑም ሳይነሳ፣ «ስለዚያ ቀን የሚገርመኝን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «መጋረጃው አዲስ ነበር። እንዴት የሚያምር መጋረጃ ነው እያልኩሽ ነው እኮ ጧ! ያለው።»

«ውኃ ላምጣልሽ» ብዬ ተነሳሁ።

ውኃው ፊቷ ነበር። እሷም እሱን አይታለች፣ እኔም አይቻለሁ። ስለዚያ ቀን እዚህ ደብተር ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ጎማ ፈነዳ፣ አውቶቡሱ ገደሉን ስቶ ዓለቱን መታ፣ አሥራ አንድ ሰው ቆሰለ፣ የሞተ የለም። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ጭረት እንኳ አልነካኝም። አለቀ። ፖሊስም ጽፎታል።

ደግሞ መጋረጃ የሚያሳየኝ አውቶቡስ ይምጣ!


ማክሰኞ፣ 32 ቀን

ከወፍራም ድምጾቹ አንዱ ዕድሜውን በሙሉ መካኒክ ነበር። በራሱ መኪና ላይ ሲያስተምረኝ አረፈደ። በጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። «የልደት ሰርተፊኬቱ ነው» ይላል። የክብሪት እንጨት ጎማው ጥርስ ውስጥ ከትቼ ጥልቀቱን መለካት ተማርኩ።

«አውቶቡስ ከኋላ ጎማው ጥንድ ጥንድ ነው» አለኝ። «ተንኮለኛ ባለንብረት ደህናውን ከውጭ ያስርና ያለቀውን ከውስጥ ይደብቀዋል። ቁልቁለት ላይ ግን ክብደቱን ሁለቱም እኩል ናቸው የሚሸከሙት። ሹፌሩ ደግሞ በማርሽ መውረዱን ትቶ ፍሬን ብቻ ከረገጠ ሁሉም ይግላል፣ ከዚያ ውስጠኛው…»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ከየት አወቅሽ፣ እህቴ?»

«ሰምቼ» አልኩ። የፖሊሱን ሪፖርት ቁምሳጥኔ ሥር አኑሬ በቃሌ እስኪወጣ ማንበቤን ለምን እነግረዋለሁ?


ሐሙስ፣ 30 ቀን

ደህና ቀሚሴ ግሪስ ብቻ ሆኗል። ግድ የለም።

የሊቀመንበሩን ሚስት ወንድም አውቶቡስ አየሁ። ሲያዩት ሙሽራ! ቀለሙ ትናንት የተቀባ፣ ከፊቱ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ መጋረጃው (መጋረጃው!) ወይን ጠጅ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው የወለዱት ይመስል እጃቸውን ዘርግተው «እንግዲህ!» አሉ።

መካኒኩ ወገቡን ስለሚያመው ማጎንበስ አይችልም፤ እሱ ቆሞ ይነግረኛል፣ እኔ አያለሁ። የእሳት ማጥፊያው መርፌ ቀዩ ላይ ተኝቷል። የአደጋ መውጫውን በር በወንበር ዘግተውታል። ከወንበር ቀበቶዎቹ ግማሹ መቆለፊያ የለውም። ባለንብረቱ ለሁሉም አንድ መልስ አለው፦ «ይስተካከላል።»

ከዚያ ካፖርቴን አውልቄ ከኋላ ጎማው ሥር ገባሁ።

«ኧረ ወይዘሮ ጸሐፊ! ኧረ በዚህ ዕድሜዎ!» ይላሉ ሊቀመንበሩ፤ ጫማቸው ብቻ ነው የሚታየኝ።

ውጭኛው ጥርሱ ልቅም ያለ ነው። ውስጠኛው መላጣ! የክብሪቱ እንጨት የሚገባበት አጣ፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ሽቦ ወጋኝ። አራቱን ቁጥር በባትሪ አበራሁበት፤ የአሥራ አንድ ዓመት ጎማ።

«ያለቀ ጎማ?» አለ ባለንብረቱ። «ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«አላዩማ! እሱ ነው ችግሩ።»

«ውስጠኛውን ደግሞ ማን ያየዋል?» አለ፣ ከልቡ ገርሞት።

«እኔ!» አልኩ ከሥር። ጮኼ ኖሯል፤ ጥበቃው ሮጦ መጣ።


ዓርብ፣ 29 ቀን

ሊቀመንበሩ ሰላምታ ነፍገውኛል። ደግ።

ልምምድ ላይ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ሁለት ሴቶች፦ «ከዚያ ቀን ወዲህ እኮ ልክ አይደለችም።» «ተያት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእሷ ነገር።»

ሰምቻለሁ። ጅቡ አልሄደም፣ እናንተዬ። ቀለም ተቀብቶ ነው የቆመው።


ረቡዕ፣ 24 ቀን

አገኘሁ መሰለኝ።

ሦስት አውቶቡስ ብቻ ያላት ሴት ናት፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ። ሳልደውል፣ ሳልታሰብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ግቢዋ ደረስኩ። ተደውሎለት የተጸዳ ቤት ለማንም ይጸዳል። ሴትዮዋ ፊቷን አልፈታችልኝም። «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ፤ እናቴ የለ፣ ማዘር የለ። ወደድኳት።

ጠየቅኳት። የምርመራውን ወረቀት ግድግዳው ላይ አሳየችኝ። የሹፌሮቹ መዝገብ፣ ማን መቼ ተነሳ፣ መቼ ደረሰ፣ ስንት ሰዓት ተኛ። መዝገብ ለማንበብ እንኳ ማንም አይበልጠኝም፤ አንድ ቀን ተቀምጠው የሞሉትና በየቀኑ የሞሉት ቀለሙ ያስታውቃል። ይኼ በየቀኑ ነው፤ የዘይት ጣት እንኳ አለበት።

ይህን እያየሁ አንድ ሰውዬ ስልክ ደወለ፣ ጮክ ብላ ነው የምታወራው፤ ዛሬውኑ አንድ ቡድን አድርሱልኝ ይላል። ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጣውን ሽበታም ሹፌር በዓይኗ ጠየቀችው። ራሱን ነቀነቀ። «ሞልቶኛል፣ እትዬ። ትናንት የነዳሁት ይበቃኛል።» እሷም ለሰውዬው «ሹፌር የለኝም» ብላ ዘጋች።

እምቢ ያለ ሹፌር! ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።

«ጎማ ሥር ልገባ እችላለሁ?» አልኳት።

«ካርቶን አንጥፊ፣ ይቆሽሽሻል» አለችኝ።


እሑድ፣ 20 ቀን

ዋሽንት ጋ ነበርኩ። ስለ ሽበታሙ ሹፌር አወራኋት፣ ሳቀች። «እንዲህ ከሆነማ ለሶሎዬ ቀሚስ ላሰፋ ነው» አለች። ከዚያ ታየኝ ጀመር፤ ሌላ የቀረ ነገር ያለ ይመስል። የለም። ምን ይቀራል?

ደረጃው ላይ ክንዴን አጥብቃ ይዛኝ ነበር። አሁንም ያመኛል።


ሐሙስ፣ 16 ቀን

ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ከልምምድ በኋላ ሊቀመንበሩ ፎርሙን አወጡ። የወንድምየው አውቶቡስ ታርጋ ተሞልቶበታል። ‹ታይቷል› ተጽፎበታል፣ በእሳቸው እጅ! ከሥሩ የእኔ ስም። የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነው።

«ጎማው ተቀይሯል» አሉ።

«አይተዋል?»

«ተነግሮኛል።»

«ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ ያው መላጣው ነው» አለ መካኒኩ ከኋላ። ጉርምርምታ ሆነ። ሊቀመንበሩ ደም ሥራቸው ተገተረ።

«ወይዘሮ ጸሐፊ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብን የእርስዎ ነገር። ደግሞ ዛሬ ነው ወይ እጅዎ የከበደው? የዛሬ ሦስት ዓመት እኮ አልከበደም ነበር!»

ተቀምጬ ልቀር እችል ነበር። ሦስት ዓመት ተቀምጬ አልነበር? ግን ያ ቃል በእሳቸው እጅ፣ ከስሜ በላይ ተጽፎ ሳየው ወንበሬን ገፋሁ። ተነሳሁ።

«አዎ» አልኩ። «ያኔ ፎርሙ ላይ ‹ታይቷል› ያልኩት እኔ ነኝ። አላየሁም። አውቶቡሱ ከዚህ አዳራሽ በር ሃምሳ እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። ዝናብ ነበር፣ እኔ ደግሞ ፀጉሬን ተሠርቼ ነበር። ለፀጉሬ ብዬ አልወጣሁም።»

ይኸው፣ ጻፍኩት። ይህ ደብተር እንኳ አያውቀውም ነበር።

«ታይቷል! ማን አየው? ባለቤት የሌለው ቃል እኮ ነው! ዕድሜዬን በሙሉ ከሥሩ ተደብቄ ኖሬያለሁ። ሁለተኛ አልጽፈውም። ‹አይቻለሁ› ነው የምጽፈው፣ ያየሁትን ብቻ። ጸሐፊነቱን ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ውሰዱት። ያ አውቶቡስ ግን እኔ በሩ ላይ ቆሜ ማንንም አይጭንም!»

መካኒኩ እጁን አወጣ። ከዚያ ቀጫጭን ድምጾቹ፣ ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ያሙኝ ሁለቱ ሳይቀሩ። ሃያ ዘጠኝ እጅ፣ ለሴትዮዋ አውቶቡስ። ሊቀመንበሩ «እንግዲያው በራስዎ ኃላፊነት!» ብለው ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። እኔም ይህንኑ ነበር የምለው።

ማሸነፍ ይሄ ነው አሉ። ዋሽንት እጇን አላወጣችም። ምርኩዟን ይዛ ተነሳች፣ ቀስ ብላ አጠገቤ መጣች።

«አውቀው ነበር» አለችኝ። «ሆስፒታል ተኝቼ የኢንሹራንስ ሰዎች ወረቀቱን አሳይተውኛል። የእጅ ጽሑፍሽን፣ ያቺን ‹ታ›ሽን የማላውቃት መሰለሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ‹ዛሬ ትነግረኛለች› እያልኩ ሻይ አፈላሁልሽ። ዛሬ ደግሞ ለእሳቸው ነገርሽ። ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው!»

ክንዴን ሳትይዝ ወጣች። ደረጃውን ብቻዋን ስትወርድ ምርኩዟ ሲንኳኳ ሰማሁ። አሥራ ሁለት ደረጃ ነው።


ዓርብ፣ 15 ቀን

ልጄ ሁሉንም ሰምታለች። አንድም ቀልድ አልቀለደችብኝም። ያኔ ነው የፈራሁት።


እሑድ፣ 13 ቀን

ሦስት ፎቅ ወጣሁ። በሩ አልተከፈተም። «ዛሬ አይመቸኝም» አለች ከውስጥ። ገበያዋን በሩ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ።

አትምጪ አላለችም። ስለዚህ እመጣለሁ። ገርፋ ታባርረኝ እንጂ መቅረት የለም።


ረቡዕ፣ 10 ቀን

ሊቀመንበሩ ለሰው ሁሉ ስልክ እየደወሉ ነው፦ «አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዋ እሷ ናት።» አዎ ነኝ! ይህን ለመጻፍ አልነበር የተጣላነው? በየመንደሩ ያስነግሩልኝ።


እሑድ፣ 6 ቀን

በሩ ዛሬም አልተከፈተም፤ ግን ከውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ ወደ በሩ ሲቀርብ ሰማሁ። እኔም ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በበሩ በኩል እያወራኋት ነበር ልበል? እንደዚያ ነገር።

ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ፈልጌ ያልኩት «ሹፌሮቹ ሁለት ናቸው» ነው። «በየሦስት ሰዓቱ ይቀያየራሉ» አልኩ። ሰው እንዴት እንዲህ ደደብ ይሆናል? ከዚያ የስድስቱንም ጎማ ቁጥር ከደብተሬ ገልብጬ በበሩ ሥር ሰደድኩላት። ልነሳ ስል ግን እንደምንም ወጣልኝ፦ «ለአንቺ ነበር መናገር የነበረብኝ። ፈሪ ነኝ። እንዳላጣሽ ብዬ ነው፣ በውሸት ያዝኩሽ።»

ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተሳበ።


ሐሙስ፣ 2 ቀን

የመጨረሻው ምርመራ። ካርቶን አንጥፌ ገባሁ፤ ሴትዮዋ ራሷ ባትሪውን ያዘችልኝ። ስድስቱ ጎማ፣ ሁለት ውስጠኞች ጭምር። የእሳት ማጥፊያ፣ አረንጓዴው ላይ። የአደጋ በር ከፍቼ ዘጋሁ፣ ሦስት ጊዜ። ሠላሳ ስድስቱን የወንበር ቀበቶ አንድ በአንድ ቆለፍኩ፣ ፈታሁ። ሽበታሙ ሹፌር «እናቴ እንኳ ስትድረኝ እንዲህ አልመረመረችኝም» አለ።

«ቁልቁለቱን እንዴት ነው የምትወርደው?» አልኩት።

«በወጣሁበት ማርሽ። እግሬን ፍሬኑ ላይ አላስተኛም።»

ፎርሙ ላይ ሊቀመንበሩ የጻፉትን ታርጋና ‹ታይቷል› ሰርዤ የዚህኛውን ታርጋ ሞላሁ። ጻፍኩ፦ አይቻለሁ። ስሜን ሙሉውን፣ ከነአያቴ።

ዋሽንት አልደወለችም። ልምምድም አልመጣችም። ሊቀመንበሩ ሶሎውን ለሌላ ሰው እንስጥ አሉ፤ «እስከ ቅዳሜ ጠዋት ሶሎው ባለቤት አለው» ብዬ ዘጋሁት። ደፋር ምላስ አለኝ፤ ሆዴ ግን ሌላ ነው የሚለው።


ቅዳሜ

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ ለሚዘለው ፊደል መንገዱን ተጠያቂ አድርጉ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሁሉም ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩም መጡ፣ የመጀመሪያውን ወንበር ያዙ፣ ቀበቶውን ለማሰር ሲታገሉ አይቼ አለፍኩ። ሠላሳ አምስት ሰው። ሹፌሩ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። «አሥር ደቂቃ» አልኩት። አሥሩ አለቀ። «አምስት» አልኩት። ልጄ ከበር ቆማ ጣቷን ትነክሳለች።

ታክሲ መጣ። መጀመሪያ የወጣው ምርኩዙ ነው።

ዋሽንት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። ሰላምም አላለችኝ። ቦርሳዋ ውስጥ ፈልጋ በበሯ ሥር የሰደድኩላትን ወረቀት አወጣች።

«ውስጠኛውን አሳዪኝ» አለች።

«መጎንበስ አትችዪም፣ እግርሽ…»

«አሳዪኝ አልኩሽ!»

ካርቶኑን አነጠፍኩ። ሰው ሁሉ በመስኮት እያየን፣ ክንዴን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ በደህናው ጉልበቷ ወረደች። ባትሪውን ከእጄ ነጠቀችኝ። አራቱን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበች፣ ከወረቀቱ ጋር አመሳከረች። ክብሪት ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት፣ ለካች። በዚያኛው ጎንም እንዲሁ።

ስናነሳት ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ ጥቁር ሆኗል። «ፎርሙስ?» አለች። አወጣሁላት። ‹አይቻለሁ› የሚለውን ብዙ አየችው፤ ከዚያ ብዕሬን ወስዳ ከሥሩ፣ በዚያ በተንጋደደ ጽሑፏ፣ ‹እኔም አይቻለሁ› ብላ ጨመረችበት።

«ያን ወረቀት ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ» አለችኝ የአውቶቡሱን ደረጃ ስትወጣ። «ገና ነኝ። እሑድ ስትመጪ እንነጋገራለን።»

እሑድ ስትመጪ አለች!

መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፣ እኔ ከጎኗ፣ እንደዚያን ቀን። መጋረጃ የለውም፣ ሁሉም ነገር ይታያል። ሹፌሮቹ በየሦስት ሰዓቱ፣ ሁለት ጊዜ ተቀያየሩ። አሁን ሽበታሙ ነው የሚነዳው። ቁልቁለቱ መጣ፤ ማርሽ ሲቀንስ ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማኛል።

(በኋላ።) ወደቡ ደርሰናል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ያልጻፍኩት ዋሽንት የምጽፍበትን እጄን ይዛው ስለነበር ነው። ዓይኗን አልጨፈነችም።